ሰፈርን በጋራ ፎቶ ለማንሳት የትኛው ዐውደ ጥናት ይሻላል?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ፣ እዚያ ተወልደው ያደጉ ወዳጆቼ በመጀመሪያ ያደረጉት የቤተሰብ አልበም መግለጥ ነበር። ክርስትናው አለ። ሠርጉ አለ። ካባ ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ፣ ፏፏቴ በተሳለበት የፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆመ ተመራቂም አለ። የቦኖው ሰልፍ ግን የለም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው ቅያስ የለም፤ አምስት አባወራ በየተራ ምጣድ የሚጥድበት የጋራ ማድ ቤት የለም። ፊልም ውድ በነበረበት ዘመን ካሜራ የሚወጣው ለክብር ቀን ነበርና የአዘቦቱ ኑሮ ሳይነሳ ቀረ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ሰፈራችንን በጋራ ፎቶ እናንሳ» የሚል ጥሪ በደረሰኝ ቁጥር አብሮት የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፤ የትኛው ይሻላል? የትኛው ላይ ልመዝገብ? አንዱ ጠያቂ አዲስ ካሜራ የገዛ ወጣት ነው። አንዱ የዕድር ዳኛ ነው። አንዷ ለሦስት ሳምንት ከዋሽንግተን የመጣች፣ እናቷ ያደገችበትን ግቢ ለማየት የጓጓች ልጅ ናት። ለሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ ብሰጥ ሁለቱን አሳስታለሁ። ስለዚህ ያየኋቸውን የዐውደ ጥናት ዓይነቶች እያነጻጸርኩ፣ የትኛው ለማን እንደሚበጅ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ለእኔ ከካሜራው ዓይነትም፣ ከአስተማሪው ዝናም፣ ከክፍያውም ይቀድማል። ሥራው ሲያልቅ ፎቶዎቹ በማን እጅ ይቀራሉ?

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ተሳትፌ ነበር። ወደ ሃያ እንሆናለን። አንድ ጠባብ ሰፈር ገብተን ቡና የምትቆላ እናት፣ ጫማ የሚጠግን ሽማግሌ፣ ግድግዳው ያበጠ የጭቃ ቤት፣ ሁሉን አነሳን። ማታ አዘጋጁ የሁላችንንም ሚሞሪ ካርድ ሰብስቦ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ ገለበጠና «ካርዶቹን ለነገ አጽድቼ እመልስላችኋለሁ» አለን። ማንም አልተቃወመም። ከወር በኋላ ስንጠይቅ ዲስኩ ተበላሽቷል ተባልን። ከሃያ ሰው የሁለት ቀን ሥራ የተረፈው፣ አንዲት ተሳታፊ በስልኳ ያነሳቻቸው ጥቂት ፎቶዎች ብቻ ናቸው። ቡና የምትቆላዋ እናት «ታመጡልኛላችሁ?» ብላን ነበር፤ «እናመጣለን» ብለናል። እስከ ዛሬ በዚያ ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

ስለዚህ የምታናግሩት አዘጋጅ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሌለው፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም እኔ አልመዘገብም።

የቅዳሜና እሑድ የእግር ጉዞ

በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። አንድ ባለሙያ አሥር ወይም ሃያ ሰው ይዞ ከአራዳ ተነስቶ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ወይም ወደ መርካቶ ይወርዳል፤ ግማሽ ቀን ይነሳል፣ ግማሽ ቀን ፎቶ እየታየ አስተያየት ይሰጣል። ዋጋው ቀላል ነው፣ ጊዜ አይበላም፣ ብቻውን ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መቆም የሚያሳፍረው ጀማሪ በጓደኞቹ መካከል ድፍረት ያገኛል። ይህን አልንቅም፤ ብዙ ጥሩ ፎቶ አንሺዎች በዚህ መንገድ ጀምረዋል።

ሰፈሩን መሰነድ ነው ወይ ካላችሁኝ ግን አይደለም። ሃያ ሰው ካሜራ አንግቶ ወደ አንድ ቅያስ ሲገባ ሰፈሩ የዘወትር መልኩን ይለውጣል። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ እናቶች በር ይዘጋሉ፣ አንዱ ወጣት «ለማን ነው የምታነሱት?» ይላል፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልስ የሚሰጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚገኘው ፎቶ ሁሌም ተመሳሳይ ነው፤ የተሸበሸበ ፊት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የሚስቅ ሕፃን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

የግድ ይህን የምትመርጡ ከሆነ ከስምንት ሰው የማይበልጥበትን፣ ከሰፈሩ ተወላጅ አንድ ሰው አብሮ የሚሄድበትን ምረጡ። ከዋሽንግተን ለመጣችው ልጅ የነገርኳት ይህንን ነው፤ ያላት ጊዜ ለሌላው አይበቃም።

አስተማሪ የሚመራው የሳምንታት ሥልጠና

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ርእስ ይመርጣል፤ ለምሳሌ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ ጠላ ቤት፣ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ። ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት እየተመላለሰ ያነሳል። በየሳምንቱ ፎቶዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ ከመቶው አሥሩ፣ ከአሥሩ ሦስቱ ይመረጣሉ። መጨረሻ ላይ ዐውደ ርእይ ይኖራል።

ሙያ ለመማር ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ፎቶ ማንሳት በአንድ ቀን ይለመዳል፤ መምረጥ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ የሚለመደውም ዓይኑ ከሰላ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ከተማችን እንዲህ ያሉ ሰዎች አሏት። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በየሁለት ዓመቱ ሲካሄድ ከዐውደ ርእዩ ጎን የሥልጠናና የምክር ጊዜ እየተዘጋጀ ብዙ ወጣቶች ሥራቸውን ለባለሙያ ዓይን ማቅረብ ችለዋል። ሚካኤል ፀጋዬ ደግሞ የሚፈርሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ይህ የአሁኑ ጥድፊያ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በትዕግሥት እየተመላለሰ ያነሳ ሰው ነው። ፈርሶ የቆመ ግድግዳ ላይ የቀረ የቀለም ልዩነት ስንት ክፍል፣ ስንት ኑሮ እንደነበረ ሊናገር እንደሚችል ያየሁት በእሱ ፎቶዎች ነው።

የዚህ ዓይነት ዐውደ ጥናት ድክመት፣ ውሳኔው ሁሉ የፎቶ አንሺውና የአስተማሪው መሆኑ ነው። ነዋሪው ተነሺ ነው። ዐውደ ርእዩም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰቀለው የተነሳው ሰው በማይደርስበት አዳራሽ ነው፤ በር ላይ ጥበቃ አለ፣ የመክፈቻው ንግግር በእንግሊዝኛ ነው፣ የጉሊት ነጋዴዋ ሥራ ትታ አትመጣም። አዘጋጆቹን «ዐውደ ርእዩ ለአንድ ቀን እንኳ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለት ገመድና በልብስ መቆንጠጫ የሚሆን ነገር ነውና የገንዘብ እጥረት ምክንያት አይሆንም።

ካሜራው በነዋሪው እጅ ሲሆን

ልቤ ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

አሠራሩ ለዓለምም ለእኛም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በቻይና ዩናን ግዛት ለ62 የገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ኑሯቸው ራሳቸው እንዲያነሱና እንዲናገሩ አደረጉ፤ ፎቶዎቹም ውሳኔ ሰጪ ባለሥልጣናት ፊት ቀረቡ። ዘዴው በኋላ ፎቶቮይስ የሚል ስም አግኝቶ በዓለም ተሰራጨ። ወደ እኛ ስንመጣ፣ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤሪክ ጎተስማን በሽሮ ሜዳ ወላጆቻቸውን በኤድስ ካጡ ልጆች ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል። ሰድን ፍላወርስ በሚል ስም የተሰባሰቡት ልጆች ፎቶዎቹን ያነሱትም ታሪካቸውን የተረኩትም ራሳቸው ናቸው። አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ የሐዘን ፊት አንስቶ ከሄደበት ሥራ ጋር ስታነጻጽሩት ልዩነቱ ይገባችኋል።

የዚህ መንገድ ልዩነቱ የሚታየው በፎቶው ይዘት ነው። የውጭ ሰው ደጃፉን ያነሳል፤ ነዋሪው ጓዳውን ያነሳል። አንድ ጊዜ በአንድ ሰፈር እንዲህ ያለ ሥራ ስናግዝ፣ አንዲት የስድሳ ዓመት እናት ይዘው የመጡት ፎቶ የአንድ ባዶ ምስማር ፎቶ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ያለ ምስማር። እኛ በስሕተት የተነሳ መስሎን ልናልፈው ስንል፣ «የባሌ ኮት የሚሰቀልበት ነው» አሉ። ሌላ ማን ያንን ያነሳ ነበር?

ሥራው የሚሄደው በእሑድ ስብሰባ ነው። ተሳታፊው በሳምንቱ ካነሳው አምስት ፎቶ መርጦ ይመጣል፤ እየታየ ይወራል። የፎቶቮይስ ሰዎች ለውይይት የሚጠቀሙባቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ፤ በእኛ አፍ እንዲህ ይሆናሉ፦ እዚህ ምን ይታያል? በእውነት እየሆነ ያለው ምንድን ነው? ይህ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው? ለምን እንዲህ ሆነ? ምን ማድረግ እንችላለን? አምስተኛውን እኔ በጥንቃቄ ነው የማነሳው። ሰዎች መፍትሔ እንደምናመጣላቸው ሊያስቡ ይችላሉና ፎቶ የቤት ምትክ እንደማያሰጥ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር ይገባል። የተሳሳተ ተስፋ መስጠት ሚሞሪ ካርድ ከማጥፋት የከፋ በደል ነው።

ድካሙን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቢያንስ ሦስት ወር ይጠይቃል። ሰው ይቀራል፤ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የገበያ ቀን አለ፣ ጾም ሲያዝ የቅዳሴ ሰዓት ይለወጣል። ከአሥራ ሁለት ተመዝጋቢ ሰባቱ ከጸኑ ተሳክቷል ማለት ነው። ሌላው ችግር አስተማሪው ሳያውቀው የራሱን ምርጫ መጫኑ ነው፤ «ይኼኛው ብርሃኑ ያምራል» ባለ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ያንን መስሎ ይመጣል። ስለዚህ የምትመርጡት ዐውደ ጥናት ላይ ምርጫው የማን እንደሆነ ጠይቁ። ነዋሪው ካነሳ በኋላ የሚሰቀለውን አዘጋጁ ብቻ የሚወስን ከሆነ፣ ካሜራው በነዋሪው እጅ ነው የሚለው አባባል ስሙ ብቻ ነው።

ለዕድሩ ዳኛ የመከርኩት ይህንን ነው። ዕድር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነው። አባላቱ የተመዘገቡ ናቸው፣ ወርኃዊ ስብሰባ አለው፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለው፣ ከሁሉም በላይ እርስ በርስ መተማመን አለው። ጥሪውም ከማኅበራዊ ገጽ ይልቅ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ቢነገር ትክክለኛው ሰው ይሰማዋል።

አልበሙና ያው ቦታ

አራተኛው ዓይነት ከሁሉም ያነሰ የሚታወቅ፣ ለሽማግሌዎች ግን ከሁሉም የሚመች ነው። ተሳታፊዎች አሮጌ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ፎቶው በስካነር ይገለበጣል፤ ከዚያ ቡድኑ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ፈልጎ፣ በዚያው ነጥብ ቆሞ፣ ዛሬ የሚታየውን ያነሳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ቦታውን መፈለግ ራሱ ትምህርት ነው። አሮጌው ፎቶ ላይ የማይንቀሳቀሱ ሁለት ነገሮች ምረጡ፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። ለምሳሌ አራዳ ላይ የምኒልክ ሐውልትና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፎቶው ጋር እስኪመሳሰል ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተንቀሳቀሱ። ጥላው የወደቀበት አቅጣጫ ሰዓቱን ይነግራችኋል። ሁሉ የፈረሰበት ሰፈር ከሆነ ተራራው ይረዳል፤ እንጦጦና የካ ከቦታቸው አልተነሱም።

ፎቶ ስትገለብጡ ጀርባውን አትርሱ። የፎቶ ቤቱ ማህተም፣ ቀኑ፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚለው ጽሑፍ፣ የላኪው ስም እዚያ ነው ያለው። በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ ፎቶ ቤቶች ታሪክ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያነሱ የነበሩትን እንደ ቦያጂያን ያሉ አርመናውያን ቤተሰቦች ይጨምራል፤ አንዲት ደብዛዛ ማህተም ከዚያ ታሪክ ጋር ልታገናኛችሁ ትችላለች። ደግሞም የሰፈሮቻችን አሮጌ ፎቶዎች ትልቅ ክፍል ዛሬ አገር ውስጥ አይደለም። ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለእጮኛ ተብለው ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ስቶክሆልም፣ ወደ ቴል አቪቭ ተልከዋል። እናንተ እዚያ ካላችሁ፣ ሰፈሩን ለመሰነድ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልጋችሁም፤ አልበማችሁን ፊትና ጀርባ ገልብጣችሁ መላክ ከእኛ ማንሳት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ኦሪጅናሉን ግን ለማንም አታስረክቡ። ገልብጠው እዚያው ፊታችሁ የሚመልሱላችሁን ብቻ እመኑ።

ድክመቱ ደግሞ ወደ ናፍቆት ማዘንበሉ ነው። ያለፈው ሁሉ ወርቅ ይመስላል። የጭቃ ቤት በክረምት ማፍሰሱ፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ መጋራቱ፣ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት የሆነው የቀበሌ ቤት ለዓመታት ሳይታደስ መኖሩ በአልበም አይታይም። ለዚህ መድኃኒቱ ፎቶውን ይዞ የመጣውን ሰው ስለ ውኃው፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጎርፉ መጠየቅና መልሱን በድምፅ መቅዳት ነው።

ሰፈሩ ቀን ከተቆረጠለት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሰፈሩ ቆሞ የሚቆይ ከሆነ ነው። የመልቀቂያ ማስታወቂያ ደርሶ ከሆነ ምርጫው ይለወጣል፤ የምወደውን የሦስት ወር ሥራ ራሴ አልመክርም። ሰው ዕቃ እየጫነ «ለሚቀጥለው እሑድ አምስት ፎቶ ይዘው ይምጡ» ማለት ጭካኔ ነው።

ያኔ የሚያስፈልገው ፈጣንና ሥርዓት ያለው አሠራር ነው። ሰፈሩን በቅያስ ከፋፍሉ፤ ለሁለት ሰው አንድ ቅያስ። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ይጽፋል። እያንዳንዱን በር ፊት ለፊት፣ ከተመሳሳይ ርቀት፣ ካሜራውን ሳታዘነብሉ አንሱ። ከዚያ መስቀለኛ መንገዱን በአራቱም አቅጣጫ፣ ቦኖውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ዛፉን። ጥበብ ለመሥራት አትሞክሩ፤ ውበቱ በኋላ ራሱ ይመጣል። ማስታወሻው ላይ የቤቱን ቁጥር፣ ሰዉ ቦታውን የሚጠራበትን ስም፣ ስንት ዓመት እንደኖሩ ጻፉ። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ገዳም ሰፈር የሚሉት ስሞች በካርታ ላይ ከሚጻፈው በላይ የሚሉት አላቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ያሉት የትንንሾቹ ማዕዘናት ስሞች ደግሞ ነዋሪው ሲበተን አብረው ይበተናሉ። ለዚህ ሥራ ዝነኛ አስተማሪ አያስፈልግም። ሰዓት የሚያከብሩ አሥር ሰዎችና ሁለት እሑዶች ይበቃሉ።

ስለ ዕቃ

ብዙ ሰው ምርጫውን ከዚህ ስለሚጀምር መልሴን ላሳጥር፤ ስልክ ይበቃል። እንዲያውም በጠባብ ቅያስ ውስጥ የስልክ ሰፊ ሌንስ ከብዙ ካሜራ ይሻላል፣ ሰውንም አያስፈራም። ካሜራ ብልጫው በጨለመ ጓዳ ውስጥና ትልቅ ኅትመት ሲፈለግ ነው። በፊልም የሚሠራ ዐውደ ጥናት ካጋጠማችሁ ለሙያው ስትሉ ተማሩት፤ አንድ ፊልም በሚይዘው 36 ፍሬ ተወስኖ መዋል ቁልፉን ከመጫን በፊት እንድታዩ ያስገድዳችኋል። ሰፈር ለመሰነድ ግን ማጠቢያውና ኅትመቱ ያጓትታል። ያንኑ ትዕግሥት በስልክም መልመድ ይቻላል፤ ዛሬ ከ36 በላይ አላነሳም ብሎ መወሰን ነው።

አዘጋጁ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስነሳ ከሆነ ስለ ብርሃናችን አላሰበም ማለት ነው። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፣ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል፣ ፊት በጥላ ይዋጣል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ የከሰል ጭስ ገና በቅያሱ ላይ ሳለ፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የሚነሳው። ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ ዝናቡ አየሩን ያጠበበት ጥቅምት ይሻላል። ግን ክረምቱንም አትተዉት፤ ጎርፉና ጭቃው የሰፈሩ ግማሽ ሕይወት ነው።

ፈቃድ

ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ፤ ብዙ ዐውደ ጥናት አንዱን ብቻ ያስባል። የወረዳው ደብዳቤ ጥበቃውና ፖሊሱ ሲጠይቅ የሚታይ ነው፤ አዘጋጁ አስቀድሞ ይዞት መገኘት አለበት። እኔ የትብብር ደብዳቤ ሳይዝ ሰው ይዞ ከሚወጣ አዘጋጅ ጋር አልሄድም፤ ችግር ሲመጣ የሚጠየቀው ካሜራ የያዘው ነው።

ሁለተኛው የሰውየው ፈቃድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታዎቹን ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ይዘረዝራል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ጥሩ አዘጋጅ ሕጉን ከመጥቀስ አልፎ እንዴት እንደሚጠየቅ ያስተምራል። «እማማ፣ ላነሳዎት ይፈቅዳሉ?» ብሎ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መጠበቅ። የት እንደሚሰቀል መናገር። እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው መነሳት ከፈለጉ መጠበቅ፤ «እንደነበሩ ይሁኑ» ብሎ ማስገደድ አይገባም። ጠላና አረቄ የሚሸጡ፣ ምትክ ቤት በመጠባበቅ ላይ ያሉ፣ ከቤተሰብ ተደብቀው የሚኖሩ ሰዎች ፎቷቸው መውጣቱ ሊጎዳቸው ይችላል። ዛሬ ፈቅደው ነገ ሊቆጩ ስለሚችሉ፣ ከዐውደ ርእዩ በፊት ኅትመቱን አይተው «ይኼን አትስቀሉብኝ» የሚሉበት ቀን ያለው ዐውደ ጥናት ከሌለው ይበልጥብኛል። ስልኩ ፎቶው ውስጥ የመዘገበው የቦታ መረጃም ፎቶው ወደ ማኅበራዊ ገጽ ከመውጣቱ በፊት ይጥፋ።

የፎቶው መብት ደግሞ የአንሺው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ሁሉም ፎቶዎች የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» የሚል መስመር ካለ አትፈርሙ። ለዐውደ ርእዩና ለሰነድ ማስቀመጫው የመጠቀም ፈቃድ መስጠት ይበቃል።

ከማንሳት በኋላ

የዐውደ ጥናቱን በጀት ጠይቃችሁ ለኅትመት ምን ያህል እንደተመደበ ተመልከቱ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ እኔ ግን የምሳውን ሰርዙ እላለሁ። ለተነሳው ሰው ሁሉ አንዳንድ ፎቶ ታትሞ መድረስ አለበት፤ ከዐውደ ጥናቱ ማብቂያ በፊት፣ ሰዉ ገና አድራሻው ሳይጠፋ።

ፋይሉ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከሌሎቹ በራቀ ቦታ። አንዱ ቅጂ በዚያው ቀን ማታ በተሳታፊው እጅ መሆን አለበት፤ ካርድ የሚጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ ቦታውንና የአንሺውን ስም ይያዝ፤ ቀኑ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ቢጻፍ ኋላ ለሚመጣ አጥኚ ይቀላል። አንድ ሙሉ ቅጂ ከነማስታወሻው ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ወይም ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለማስረከብ አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል፤ ዕድሩም አንድ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ቢያስቀምጥ አያጣብበውም።

ይህን ሁሉ የሚያሟላ ዐውደ ጥናት በአካባቢያችሁ ካላገኛችሁ፣ ካሜራ ለገዛው ወጣት የነገርኩትን ለእናንተም እላለሁ። በመጀመሪያ የሳምንታቱን ሥልጠና ወስደህ መምረጥን ተማር፤ ከዚያ አምስት ጎረቤቶች ይዘህ የራስህን ጀምር። የመጀመሪያው እሑድ ያለ ካሜራ ይሁን። ሰፈሩን ዙሩ፣ ቡና ጠጡ፣ ማን ምን ለማስታወስ እንደሚፈልግ ጠይቁና በደብተር ጻፉ። በሁለተኛው እሑድ አንሱ። በሦስተኛው፣ ሌላ ምንም ሳታነሱ፣ ያተማችኋቸውን ፎቶዎች በፖስታ ይዛችሁ በር በሩን አንኳኩ።